የሰይድ ነጻ መግቢያ

ወንድሜ ሰይድ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ኦቦ መቀስ ለለቅሶ መጣ። በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ነገር በብብቱ ይዟል። ድንኳኑ በር ላይ ጫማውን አወለቀና መቀመጫ ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት፣ ጥግ የቆመው የሰይድ ዊልቸር ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። አንድ ሹፌር ክንዱን ይዞ ወደ አግዳሚው ጎተተው።

ሰይድ ቢኖር ምን እንደሚለው አውቃለሁ። አገጩን ያነሳና «ሞልቷል፣ ቀጣዩን ጠብቅ» ይለዋል።

ስለ ሰይድ ለመጻፍ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ይህ ነው። መልኩ ሳይሆን አገጩ። ዊልቸር ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ከእሱ በላይ ነበር። እሱ ግን አገጩን ትንሽ ወደ ላይ ያደርግና ዓይኑን ግማሽ ይከድናል፤ ያን ጊዜ ቆሞ የሚያናግረው ሰው ሳያውቀው ያጥራል። ወፍራም ባለሥልጣን ሲያጥር አይቻለሁ። የቀበሌ ሊቀመንበር ሲያጥር አይቻለሁ። ጥሩ አድርጌ መግለጽ አልቻልኩም መሰለኝ፤ ያየው ያውቀዋል።

ኦቦ መቀስ የሰውየው እውነተኛ ስም አይደለም። የከተማችን መናፈሻ ኃላፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰይድ ነው። አንድ ቧንቧ ቢገጠም፣ አሮጌ አግዳሚ ወንበር አዲስ ቀለም ቢቀባ፣ ሰውየው ሪባን አስወጥሮ መቀስ ይዞ ይቆማል። «ይህ ሰው የሚቆረጥ ነገር ካጣ የራሱን ጢም ይመርቃል» ይል ነበር ሰይድ።

ቤተሰቦቻችን በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኛ ነቀምት ነው የተወለድነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጃፍ ሲወጡ ኦሮምኛ። ሰይድ ሁለቱን ቋንቋ ለየሥራቸው ነበር ያስቀመጣቸው፤ ተሳፋሪ ሲጠራ በኦሮምኛ፣ ሰው ሲንቅ በእናታችን የወሎ አማርኛ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በቆሎ የጫነ መኪና ከሲሬ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ሲገለበጥ ከጭነቱ ላይ ነበር፤ ወገቡ ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጣ ባለ ሦስት ጎማ፣ በእጅ የሚዘወር ዊልቸር አገኘ። ብዙም ሳይቆይ መናኸሪያ ገብቶ መጥራት ጀመረ። «ጉቴ፣ ጉቴ! ሲሬ፣ ሲሬ፣ አኖ፣ ባኮ!» ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እናታችን በዚያ ድምፅ ነበር ደህና መዋሉን የምታውቀው።

አንድ ሕግ ነበረው። ማንም አይሸከመውም። ዊልቸሩ ላይ ሲወጣም ሲወርድም በገዛ ክንዱ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያልበው። አንድ ቀን ዝናብ ደጅ ላይ ሲደርስበት ላነሳው ጎንበስ ብል በክርኑ ደረቴን መታኝ። ከዚያ ዝናቡ እያወረደበት ረጋ ብሎ አስረዳኝ። «ጆንያ ስሸከም ነው የኖርኩት፤ ራሴ ጆንያ አልሆንም» አለኝ።

ምጽዋት የሚሰጡትንም አይተውም። በጣም የምወደው ይኸን ነው። ከጸሎት የወጡ፣ በደንብ የለበሱ አንዲት ሴትዮ ሳይጠይቃቸው ጭኑ ላይ ብር ጣል አድርገው ሊያልፉ ሲሉ፣ በትህትና «አዴ፣ ጉቴ ነው ሲሬ?» ብሎ ጠየቃቸው። አይ፣ የትም አልሄድም፣ ለአንተ ነው ልጄ አሉ። እሱ እቴ። «ሂሳብ ከፍለዋል፣ ይሄዳሉ» አለና ወደ ሹፌሩ ዞሮ አንድ ሲሬ፣ ሂሳብ የተከፈለ፣ ከፊት አስቀምጥልኝ ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ቦርሳቸውን ተቀበላቸው። ሴትዮዋ ብራቸውን መልሰው እስኪይዙ ድረስ መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። መናኸሪያው በሳቅ ሲሞት እሱ ፈገግ እንኳ አላለም። አገጩን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወደ ካርዱ ልምጣ።

መናፈሻው ሲከፈት መግቢያው በክፍያ ሆነ። ከዚያ ለአካል ጉዳተኞች ነጻ መግቢያ ካርድ ይሰጣል ተባለ፤ ለአጃቢያቸው በግማሽ ዋጋ። የመጀመሪያው ካርድ የሚሰጠው ሰው ሲመረጥ ሰይድ ተጠራ፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው እሱን ነዋ። ለዚያ ቀን ግራጫ ኮት አሰፋ። ያን ቀን የባለሥልጣን መኪና ስለሚገባ ትልቁ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰይድ ዊልቸሩን እየዘወረ በመሀሉ ገባ። ኦቦ መቀስ ሪባን ቆረጠ፣ ስለ እኩልነት ረጅም ንግግር አደረገ፣ ካርዱን አንገቱ ላይ አጠለቀለት፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሳ።

ማታ ሰይድ ለእናታችን ሲነግራት፣ «ፎቶ እስኪነሳ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ከተነሳ በኋላ ሱሪው ላይ ጠረገው» አለ።

ግን ካርዱን ናቀው ብል ውሸት ነው። ወደደው። ዛፍ ስር ተቀምጦ ከመናኸሪያው አቧራ ሌላ አየር መሳቡን ደጋግሞ አወራልን። መሀል ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ቀጭኔ አለ፤ ወለጋ ውስጥ ቀጭኔ የት አይተው ነው እያለ ሳቀ። ካርዱን በፕላስቲክ አስለብጦ በደረት ኪሱ ያዘው። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሆነ ግን ደግሞ ለመሄድ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ያን ትልቅ በር ተዘግቶ አላየውም። ማንም አልነገረውም። እኔም አላውቅም ነበር።

እህታችን ዘሃራ ለሲሬ ሰው ታጨች። አባታችን ስለሌለ ወሊይ የሚሆናት ሰይድ ነው፤ ኒካሁ ላይ የሚድራት እሱ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ አለ። አባታችን እህቱን ሲድር ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጦ፣ እጁን እጇ ላይ አድርጎ የተነሳው ነው። እናታችን በየቀኑ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርገዋለች። ሰይድ እሱን እያሳየ ለዘሃራ «እኔና አንቺም እንዲህ ነው የምንነሳው፤ ከዚህ ጎን ይሰቀላል» አላት። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ጥሎሹ ላይ ቃል አልተናገረም፣ ድግሱ ላይ ቃል አልተናገረም። ያን ፎቶ ብቻ ነበር የፈለገው።

እዚህ ሙሽራ ሁሉ ቤት ከመግባቱ በፊት መናፈሻ ሄዶ ቪዲዮና ፎቶ ይነሳል። ሠርጉ እሁድ ነበር። ኒካሁ ታሰረ፤ ሰይድ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ዳራት። የመናኸሪያው ሹፌሮች ሚኒባስና ባጃጃቸውን በነጻ ይዘው መጡ፤ ዊልቸሩን በአበባ አስጌጡት። እሱ ከፊት እየዘወረ፣ ሠርገኛው ከኋላ ጡሩምባ እየነፋ መናፈሻው በር ደረስን።

ትልቁ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ከጎኑ ያለው የሰው መግቢያ ደግሞ ሞተርና ከብት እንዳይገባ ተብሎ በቧንቧ ብረት ጠመዝመዝ ተደርጓል። ሰው ጎኑን አዙሮ ያልፋል። ዊልቸር አያልፍም። ሰይድ ሞከረው፤ የፊቱ ጎማ ገባ፣ የኋላዎቹ ቀሩ። አበባው ብረቱ ላይ ተቀደደ።

ጥበቃው ለሚ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው። ላብ አጠመቀው። «ሰይዶ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እኔ ጋ ቁልፍ የለም» አለ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ጸሎት ቤት ነው፣ መዘምራን ውስጥ ስለሚያገለግል እስኪጨርሱ ስልኩ ዝግ ነው። እሁድ እሁድ እንዲህ ነው። ታዲያ ሙሽራ የሚበዛው እሁድ፣ በሩ የሚቆለፈው እሁድ። ይህን ያሰበ ሰው ደመወዝ ይበላል።

ለሚ ጨነቀውና ለኦቦ መቀስ ደወለ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ያዘው፤ እኛን ለመርዳት ብሎ ነው። ባያደርገው ይሻል ነበር።

«ካርዱ አለው አይደል?» አለ ኦቦ መቀስ።

አለው አለ ለሚ።

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ነጻ ነው፣ ይግባ።»

ለሚ ዊልቸሩ እንደማያልፍ ነገረው። ከዚያ ሰውየው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ለአምስት ደቂቃ ወርዶ ይግባ በለው» አለ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወርዶ ይግባ። ሰይድ ፈረስ ላይ የተቀመጠ መስሎት ይሆን? ያን ሁሉ ስለ እኩልነት የተናገረ አፍ ነው ይህን ያለው። ክፋት ቢሆን እንኳ አከብረው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያስባል። ይኸኛው አላሰበም። እግር ማለት ሰው ሁሉ ቤቱ አስቀምጦት የሚመጣ ነገር ይመስለዋል።

ሚዜዎቹ እንሸከምሃለን አሉት። ሰይድ አያቸው፣ ተመለሱ። ዘሃራ ቬሏን ሰብስባ ከመኪና ወረደች። አስፋልቱ ላይ ተንበረከከችና እጁን ያዘች።

«አያ ሰይድ፣ እዚሁ በሩ ላይ እንነሳ። ምን ቸገረን።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳ። ቢነሱ ኖሮ ይኸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰይድ እጁን ከእጇ አወጣ።

«በር ላይ አልነሳም» አለ። «ልጆችሽ ሲያዩት አጎታችን ለምን ውጪ ቀረ ይላሉ። ግቢ።»

አልገባም አለች። ሲሬ የሚጠብቁ አማቶች አሉ፣ ፀሐይዋ እየከረረች ነው፣ ሚዜዎቹ ሰዓት ያያሉ። ሰይድ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ስቦ መግቢያውን ለቀቀ። ከዚያ አገጩን አነሳና በመናኸሪያ ድምፁ መጥራት ጀመረ።

«ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ! እግር ያለው ሁሉ ይግባ! ዊልቸር በሚቀጥለው ነው!»

ሠርገኛው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ግን ሰዉ ገባ። አንድ በአንድ፣ ጎኑን እያዞረ። ዘሃራ ከሁሉም በኋላ ገባች። አልበሟ ውስጥ ሲሚንቶው ቀጭኔ ስር የተነሳችው ፎቶ አለ፤ ዓይኗ አብጧል፤ ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር ሊያስተካክለው ሞክሮ አልተሳካለትም።

እኔ ውጪ ከእሱ ጋር ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት በእሱም ተናድጄ ነበር። አንድ ፎቶ። ምን ነበረበት? ዛሬም አንዳንዴ እናደዳለሁ። እሱ ግን ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ከአንድ ባጃጅ ነጂ ቀጭን ሽቦ ለመነ። ልጆች ብስክሌታቸው ላይ እንደሚያደርጉት ካርዱን ከዊልቸሩ ጎማ ጋር፣ ጫፉ ዘንጎቹን እንዲመታ አድርጎ አሰረው። አንድ ጊዜ ዘወረው። ጠጠጠጠ አለ።

«አሁን ሥራ አገኘ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ ከመድረሱ በፊት ካርዱ ይሰማል። መናኸሪያው ውስጥ ጠጠጠጠ ሲል ሹፌሮች ወረፋቸውን ያስተካክላሉ። ኪስ አውላቂዎች ይበተናሉ። ኦቦ መቀስ አንድ ቀን ለስብሰባ ሊሄድ መናኸሪያ መጥቶ ድምፁን ሰማ፤ ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ካርዱ ላይ ያሉት የሰይድ ፎቶና የራሱ ፊርማ ጎማ ላይ ሲንቀጠቀጡ አገኛቸው። ሰይድ ምን አለው? ምንም። ከፊት ወንበር እንዲሰጠው ሹፌሩን አዘዘና ሂሳብ በእጥፍ አስከፈለው።

ዓመቱ ሲዞር ካርዱን ለማሳደስ ቀርበህ ጉዳተኝነትህን አረጋግጥ የሚል መልእክት ደረሰው። ሰይድ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ግራጫ ኮቱን ለበሰ። ቢሮው ደረጃ ላይ ነው። ኮሚቴው ከላይ ተቀምጧል። እሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጎማውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረገ ጠጠጠጠ አሰኘው፤ እስኪሰለቻቸው ድረስ። በመጨረሻ ሁሉም ወረቀታቸውን ይዘው ወረዱ። እሱ አገጩን አንስቶ ተቀበላቸው።

«ዘንድሮም አልተነሳሁም» አላቸው።

አንዷ አባል ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ዞረች። አሮጌውን ካርድ መልስ አሉት። ጎማው እየዞረ መፍታት የሚችል ይምጣ አለና እያሰማው ወጣ። አዲሱን አልወሰደም። በሩስ? በሩ እንደነበረ ነው። ለሚ የቁልፉ ቅጂ ለጥበቃ ይሰጥ ብሎ እንዳመለከተ፣ ለዚህ በጀት የለም እንደተባለ በኋላ ነገረኝ።

ሰይድን የገደለው መቀመጥ ነው። ቁስሉ ከስር ከስር በላው፤ ከዚያ ወደ ኩላሊቱ ገባ። ክረምቱ ሳያልቅ መናኸሪያው ዝም አለ። እናታችን ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ወደዚያ ታደርግ ነበር፤ ምንም። በቀብሩ ዕለት ቃሬዛውን ሹፌሮቹ ተረባረቡበት። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ቀላል ነበር። ሕጉን ያፈረስንበት ያን ቀን ነው፤ ክርን አልመጣብኝም።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ኦቦ መቀስ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሳ። ለቅሶ ላይ ንግግር አይደረግም፤ እሱ ግን አደረገ። ሰይድ የመናፈሻችን ቤተሰብ ነበር አለ። በካርዱ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ነበር አለ። ዊልቸሩ ከጎኑ ቆሟል፤ ካርዱ ግማሹ ተበልቶ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አላየውም። ከዚያ የስጦታ ወረቀቱን ቀደደ። ያ ፎቶ ነው። የካርዱ ቀን የተነሱት፣ ተልቆ፣ ወርቃማ ፍሬም ገብቶለት። ሌላውን ቅጂ መናፈሻው መግቢያ ላይ፣ ከቧንቧዎቹ በላይ ልንሰቅለው ወስነናል፤ መግቢያውም በስሙ ይጠራል አለ። ሰው እንዲያመሰግነው ጠበቀ።

ሹፌሮቹ እኔን አዩኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልመጣም። እኔ እንዲህ ነኝ፣ የሚመጣልኝ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እናታችን ናት ከምንጣፉ ላይ ሆና የተናገረችው፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ልጄ ባልገባበት በር ላይ አይሰቀልም።»

ኦቦ መቀስ በሩ ስለ ጸጥታ ጉዳይ ነው፣ እየተጠና ነው፣ የበላይ አካል ያውቀዋል ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ጫማውን አምጥቶ እግሩ ስር አስቀመጠለት። አጎንብሶ ለማሰር ተቸገረ፤ ማንም አላገዘውም። ሲወጣ ለሚ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም አላለውም።

ፎቶውን ሰብሬ ልጥለው ነበር። ዘሃራ ከለከለችኝ። ኮት ለብሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ የተነሳው ፎቶ ሌላ የለንም አለች፤ እውነቷን ነው። የሠርጉ ቀን ፎቶ ቢኖር ኖሮ ይህ አያስፈልገንም ነበር። ስለዚህ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣችና መቀስ ጠየቀች። ሰውየውን ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ ቆረጠችው፤ ቀስ እያለች። ሱሪው ወጣ፣ ከረባቱ ወጣ፣ ፊቱ ወጣ። ትከሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። እጁን ከቆረጠች የሰይድ ትከሻ አብሮ ይቆረጣል። እናታችንን አየቻት። እናታችን ተይው አለች።

አሁን ከአባታችን ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። አባታችን እጁን እህቱ እጅ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰይድ ብቻውን ነው፤ ትከሻው ላይ ባለቤት የሌለው እጅ አርፏል፣ ቀለበት ያለበት። እንግዳ ሁሉ ይህ የማን እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ጠጋ ብለው ሰይድን እንዲያዩት እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም እንጂ፣ ሰው ሁሉ ካሜራውን ሲያይ እሱ ካሜራውን አላየም። አገጩን አንስቶ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ ትከሻው ላይ ያረፈውን እጅ ነው የሚያየው፤ ሳይከፍል የተሳፈረን ሰው እንደሚያየው።